ምን አጠጣኸው?

አባቴ ፈረሱን ሲዳስስ ዓይኑን ይጨፍን ነበር። ጠዋት ጠዋት፣ ከብቶቹ ገና ሳይወጡ፣ ከአንገቱ ይጀምርና በመዳፉ እያሻሸ እስከ ሰኮናው ይወርዳል። መዥገር ካለ፣ እብጠት ካለ፣ ኮርቻው የላጠው ቦታ ካለ እጁ እዚያ ላይ ቀጥ ይላል። እኔ ሦስት ዓመት ተምሬ፣ የእንስሳት ጤና ዲፕሎማ ይዤ፣ ጋዋን ለብሼ የማላገኘውን እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ያገኘዋል። ያኔ ያበሳጨኝ ነበር። አሁን ግን ከሱ ነገር ሁሉ አብልጦ የሚናፍቀኝ ያ መዳፍ ነው።

ቤታችን ከአምቦ ወደ ጊንጪ ሲወጣ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። አባቴ የአያቶቹን የመሬት ወረቀት በላስቲክ ጠቅልሎ ያስቀምጥ ነበር፤ እዚያ ላይ አምቦ የተጻፈችው በድሮ ስሟ «ሀገረ ሕይወት» ተብላ ነው። ቤት ውስጥ አማርኛ ይናገራል፣ ጎረቤት ዘንድ ኦሮምኛ፣ ሲናደድ ሁለቱንም። ፈረሱን ግን የሚያናግረው በኦሮምኛ ብቻ ነበር። ለምን እንደሆነ ብጠይቀው «ፈረስ አማርኛ ሲሰማ ቀበሌ የተጠራ ይመስለዋል» አለኝ።

ፈረሱ ቀላ ያለ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ዳማ ነበር። ሌላ ስም አላወጣንለትም፤ ሁላችንም «ዳማው» እንለው ነበር። ገና ውርንጭላ ሳለ ነው አባቴ ያመጣው። «ይኼ ያሸንፍልኛል» ብሎ አላመጣውም፤ አፉን ሞልቶ እንዲህ የሚል ሰው አልነበረም። ግን ዳማው ሲሮጥ በጎን ሰረቅ አድርጎ የሚያየው አስተያየት ነበረው፤ እናቴ ያንን ስታይ «አሁንስ ቀናሁ» ትላለች።

በኛ አካባቢ ጥር አሥራ ሁለት ቀን የሚካኤል ታቦት ወደ መንበሩ ከገባ በኋላ፣ ሰዉ ምሳውን በልቶ ጨፌው ላይ ይሰበሰባል። ጨፌው በክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ በበጋ ግን ሣሩ ደርቆ ለግልቢያ የሚመች ሰፊ መስክ ነው። ፈረሰኞቹ ከወንዙ ዳር ይነሱና እስከ አንድ ብቸኛ ግራር ድረስ ይጋልባሉ። ከጊንጪም፣ ከእንጭኒ በኩልም የሚመጣ አለ። ፕሮቴስታንት የሆኑት ጎረቤቶቻችን ታቦት አይሸኙም፤ ለፈረሱ ጊዜ ግን ከሁላችን ቀድመው ቦታ የሚይዙት እነሱ ናቸው።

ያሸነፈውን ሰው፣ ገና ከፈረሱ ሳይወርድ፣ ሕዝቡ ከቦ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር። «ምን አጠጣኸው?» መልሱም አንድ ነው። «ሆራ!» ከዚያ ሳቅ፣ ከዚያ እልልታ ይከተላል። ሆራ ማለት በኛ አገር ከመሬት እየፈላ የሚወጣው፣ ጨው ጨው የሚለው ውሃ ነው። ከብቱም ፈረሱም እየተነዳ ሄዶ ይጠጣዋል፤ ያወፍራል፣ ጉልበት ይሰጣል ይባላል። የመስኩ ፈረስ ሁሉ የጠጣው ያንኑ ውሃ ስለሆነ «ሆራ» ብሎ መመለስ ምንም እንዳለማለት ነው፤ ቀልዱም እሱ ነው። ከሩጫው በፊት ለፈረሱ አረቄ የሚያቀምስ እንደነበረ፣ አንገቱ ላይ ክታብ የሚያስር እንደነበረ ሁሉም ያውቃል። ማንም ግን ማንንም አይከስም ነበር። «ምን አጠጣኸው?» ሙገሳ ነበር። እንዲህ የተጠየቀ ሰው ዓመቱን ሙሉ ገበያ ላይ አንገቱን ቀና አድርጎ ይሄዳል።

አባቴ ይህን ጥያቄ ተጠይቆ አያውቅም። ከሃያ ዓመት በላይ ጋልቧል፤ ሁለተኛ ወጥቷል፣ ሦስተኛ ወጥቷል። አንድ ዓመትማ የቀድሞው ፈረሱ መስመሩን ትቶ አንዲት በቅሎ ተከትሎ እብስ ሲል ሰዉ ሆዱን ይዞ ሲስቅ ዋለ። እሱም አብሮ ሳቀ፤ ቤት ገብቶ ኮርቻውን ሲፈታ ግን ዝም አለ። እናቴ «መልሱን ከነሳቁ አዘጋጅቶ ሃያ ዓመት የሚጠብቅ ሰው ያየሁት እሱን ብቻ ነው» እያለች ታሾፍበት ነበር። እውነቷን ነው። አንድ ቀን ከጓሮ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። ዳማውን እያጠበ ለብቻው «ሆራ!» አለ። አላማረውም መሰለኝ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ ደገመው። ዞር ሲል እኔን አየና ጉሮሮውን ጠረገ።

ያ የማወራው ጥር ሲደርስ አባቴ ስድሳውን አልፎ ነበር። እርካብ ሲረግጥ ጉልበቱ ይጮኻል፣ እሱም ያቃስታል። ዳማው ግን ደህና ዕድሜው ላይ ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት ሆራ አድርሶ አምጥቶታል፤ ገብሱም ባቄላውም አልጎደለበትም። ዘንድሮ ነው ተባባልን። ሌላ ዓመት እንደማይኖር አባቴም እኔም እናውቃለን፤ አላወራነውም እንጂ።

ሊሮጥ ሳምንት ሲቀረው አባቴ እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፍኖ ሲዳስስ እጁ የፊት ግራ እግሩ ላይ ቆመ።

«እዚህ ጋ ይሞቃል» አለኝ።

ተንበርክኬ አየሁት። ጅማቱ አብጧል። ስጫነው ዳማው እግሩን ነጠቀኝ።

«ማረፍ አለበት» አልኩ።

«ስንት ቀን?»

«ሁለት ወር።»

ቤት ገብቶ እናቴ በቀይና በአረንጓዴ ክር ያስጌጠችውን ግላስ ከተሰቀለበት አወረደ፤ በዓል ሲሆን ከኮርቻው በላይ የሚለብሰው እሱ ነው። በጥንቃቄ አጥፎ ሳጥን ውስጥ ከተተው። «ሚካኤል ካላለ ምን ይደረጋል» አለና ወደ ከብቶቹ ወጣ። ቢቆጣ፣ ቢራገም ይሻለኝ ነበር። ያ እጥፋት አንጀቴን በላው።

ሳምንቱን ሙሉ ጠዋትና ማታ ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰስንበት። እብጠቱ ቀነስ አለ፤ ሲጫኑት ግን አሁንም ይነጥቃል። የአሥራ ሁለት ዕለት ጠዋት አባቴ ነጭ ለብሶ ታቦቱን ለማጀብ በእግሩ ሄደ። ከስንት ዓመት በኋላ በእግሩ። እናቴም አብራው ወጣች። እኔ «ራሴን አሞኛል» ብዬ ቀረሁ። ከዚያ ቦርሳዬን ከፈትኩ፣ ሲሪንጁን ሞላሁ፣ ዳማውን አንገቱ ላይ ወጋሁት። ጭራውን አንዴ ወዘወዘ፤ ሌላ ምንም አላለም። ይተማመንብኝ ነበር።

የወጋሁት ማስታገሻ ነው። ኮሌጅ ሳለሁ አንድ አስተማሪ ነበረን፤ ክፍል በገባ ቁጥር «ማስታገሻ መድኃኒት አይደለም! ሕመሙን ደበቀው እንጂ አላዳነውም፤ እንስሳው ዳንኩ ብሎ በተጎዳ እግሩ እንዲሮጥ ታደርጉታላችሁ» እያለ ጠረጴዛ የሚደበድብ። ፈተና ላይም አውጥቶታል፤ እኔም በትክክል መልሼዋለሁ። ሳላውቅ ያደረግሁት ነገር የለም ለማለት ነው።

አባቴ ለምሳ ሲመለስ ልብሱን ሳይቀይር ወደ ዳማው ሄዶ እግሩን ብቻ ዳሰሰ። ተጫነው፤ አልነጠቀም። ደግሞ ተጫነው። ፈረሱ ገብሱን ያኝካል። አባቴ ቀና ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

«ሚካኤል አዳነው» አለ። «ጉድ እኮ ነው! ሚካኤል አዳነው!»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ «እሰይ» አልኩ። ግላሱንም ከሳጥን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ግልቢያውን አይቼዋለሁ ለማለት ይከብደኛል፤ ያየሁት አንድ እግር ብቻ ነው። የፊት ግራ እግሩን። ስምንት ፈረሶች ነበሩ፤ እስከ መስኩ አጋማሽ ከእንጭኒ በኩል የመጣው ጥቁር ፈረስ ይመራ ነበር። ከዚያ ዳማው አንገቱን ዘርግቶ አለፈው። አባቴ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ በኦሮምኛ የሆነ ነገር ያንሾካሹክለታል። ግራሩ ጋ ሲደርሱ በመሃላቸው ሌላ ፈረስ የሚያስገባ ክፍተት ነበር። እናቴ እልልታውን አቀለጠችው። እኔም፣ ምን እደብቃለሁ፣ ጮኼያለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሰዉ ከበበው። አባቴ ከኮርቻው ላይ ሆኖ ፊቱ በላብ ርሷል፤ ዙሪያውን ያያል፤ ይጠብቃል። ከኋላ አንድ ድምፅ መጣ።

«ምን አጠጣኸው?»

አባቴ ሳቁን ጀመረ። ደረቱን ነፋ አደረገ። «ሆ…» ሲል ሌላ ድምፅ ቀደመው።

«ልጅቱ የከብት ሐኪም አይደለች እንዴ? ምን ሆራ አለ፣ ሊልሞ ነው!»

ሊልሞ በኦሮምኛ መርፌ ነው። ሳቅ ተነሳ፤ የዱሮው ሳቅ ግን አልነበረም። ደግሞ ሌላው «ሊልሞ!» አለ፤ ደግሞ ሌላው። ሁለተኛ የወጣው ሰውዬ ከጥቁሩ ፈረስ ወርዶ «መድኃኒት አድርገውበታል፣ ይጣራልኝ» ብሎ ለግልቢያው ኮሚቴ ጮኸ። መድኃኒት ሲባል አንዳንዱ የገባው የሐኪም ነው፤ አንዳንዱ የጠንቋይ ነው የመሰለው፤ ከራሱ ፈረስ አልፎ የሌሎቹን ፈረሶች እግር የሚያስር። ስልክ ያወጣው ሁሉ ይቀርፃል። አባቴ አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ከዚያ ዝቅ ብሎ የዳማውን አንገት መታ መታ አደረገ። እጁ አንድ ቦታ ላይ ቆም ሲል አይቻለሁ። ፈረሱን እያባበለ ነው ብዬ አለፍኩት፤ ወይም እንደዚያ ማለት ፈለግሁ።

ማምሻውን በረት አጠገብ ጠራኝ። ግላሱን በእጁ ይዞታል።

«መድኃኒት ሰጥተሽዋል?» አለኝ።

አስተማሪዬ ትዝ አለኝ። ማስታገሻ መድኃኒት አይደለም።

«መድኃኒት አልሰጠሁትም፣ አባዬ» አልኩ።

ትንሽ አየኝ። «ጥሩ» አለና ገባ። እንዴት ያለ ብልጥ ነኝ! ያንን የፈተና መልስ አባቴ ላይ ልጫወትበት ነው ለካ የተማርኩት።

ነገሩ ለሽማግሌ ተሰጠ። ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ዋናው ከማዶ የሚኖሩ፣ ሁሉም «ኦቦ»፣ አቶ እንደማለት፣ ብሎ ብቻ የሚጠራቸው ጎረቤታችን ነበሩ። ከሳምንት በኋላ ጨፌው ጫፍ ላይ ተቀመጥን። ሽልማቱ አዲስ ጋቢ ነው፤ አንዱ ሽማግሌ ጭን ላይ ተቀምጧል። ኦቦ መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥለው በአማርኛ ጠየቁ፤ ማንም አልሰማሁም እንዳይል።

«ቆሪቻ፣ መድኃኒት ማለት ነው፣ ይኼ ፈረስ ተሰጥቶታል ተብሏል። ምን ትላለህ?»

አባቴ ተነስቶ ኮፍያውን አወለቀ።

«ሚካኤል ምስክሬ ነው። ለዚህ ፈረስ በእጄ መድኃኒት አልሰጠሁም።»

አንደኛው ሽማግሌ አፉን ሊከፍት ሲል ኦቦ ጉልበቱን ያዝ አደረጉት። ከዚያ «በቃ፣ ምሏል» አሉ። ከሳሹም በሚካኤል ከተማለ በኋላ ምን ይላል? ጋቢው ለአባቴ ተሰጠ። እኔ እዚያው እናቴ ጎን ተቀምጬ ነበር። አባቴን በሐሰት አስማልኩት። እሱ የማያውቀውን ነገር በመልአክ ስም አስማልኩት።

ዳማው በሦስተኛው ቀን ነበር ማንከስ የጀመረው፤ መሐላው ሲደርስ ከናካቴው እግሩን አያስነካም ነበር። ዳግመኛ አልሮጠም። አባቴም ዳግመኛ አልጋለበም። ሌላ ፈረስ ግዛ ሲሉት «እግሩ እስኪድን» ይላል፤ የማን እግር እንደሆነ አይናገርም። ልጓሙ ከግድግዳው ላይ ጠፋ፤ ስጠይቀው «ለሰው ሰጠሁት» አለኝ። ጋቢውን አንድ ቀን እንኳ ሲለብሰው አላየሁም። የሰዉ አፍ ነው ያስቀረው፣ አፍሮ ነው ብዬ አሰብኩ፤ በዚያም ሰዉን ጠላሁት። ሰው ራሱን ላለመጥላት የማያደርገው የለም።

«ሊልሞ» ደግሞ የከተማው ቀልድ ሆነ። ማትሪክ ጥሩ ያመጣ ተማሪ ሊልሞ ተወግቶ ነው። መናኸሪያ ላይ አንዱ ሚኒባስ ሌላውን ቀድሞ ከወጣ ረዳቱ «ሊልሞ!» ብሎ ይሰድበዋል። ጨፌው ላይ ማንም ያሸንፍ ማን፣ ከግራሩ ሥር የሚጠብቀው ያው ቃል ነበር። «ምን አጠጣኸው?» ያለም እንደሆነ ፊቱ ላይ ሳቅ የለም፤ ፖሊስ ነው የሚመስለው። ያሸነፈውም «ሆራ» አይልም። «ምንም! ምንም አላጠጣሁትም!» እያለ ይገዘታል። የሚገርመው፣ ያንኑ ሰሞን ክሊኒኬ ድረስ እየመጡ ጆሮዬ ሥር «ዶክተር፣ ያንን የአባትሽን ፈረስ ያደረግሽውን ለኔም» የሚሉኝ ነበሩ። በአደባባይ ሌባ ያሉኝ ሰዎች ናቸው። አንዱን እስከ በሩ ድረስ እየጮህኩ አባርሬዋለሁ። የተናደድኩት ስለዋሸ አልነበረም፤ እውነቱን ስለነካ ነው።

ከዚያ መንገድ የሚዘጋባቸው፣ ሰው ከቤቱ የማይወጣባቸው ዓመታት መጡ፤ ግልቢያውም ቀረ። ዳማው በእርጅና ሞተ። አባቴ እስከ መጨረሻው በየጊዜው እያነከሰ ሆራ ይወስደው ነበር። ሁለቱም እያነከሱ ሲሄዱ ከኋላቸው እያየሁ፣ ዛሬ እነግረዋለሁ እላለሁ። ሲመለሱ የሆነ ሥራ አገኛለሁ።

አባቴ የታመመ ጊዜ አምቦ ሆስፒታል አስተኛነው። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ በመስኮቱ ፀሐይ ገብታለች። ሕመሙ ሲጠናበት ነርሷ መጥታ ክንዱን ወጋችው። ፊቱ ቀስ እያለ ሲፈታ አየሁ።

«ይኼ መድኃኒት ነው?» አለኝ።

«ማስታገሻ ነው፣ አባዬ።»

ዓይኑን ጨፈነ። «አሃ» አለ። «ልዩነት አለው ለካ።»

ፈገግ ያለ መሰለኝ። የበሽታ ወሬ ነው ብዬ ብርድ ልብሱን አስተካከልኩለት። በአራተኛው ቀን አረፈ። ልብሶቹን ስናወጣ ጋቢው ከሳጥኑ ሥር ተገኘ፤ ከሽማግሌው ጭን እንደተነሳ፣ እጥፋቱ ላይ ቢጫ መስመር ይዞ። እናቴ «ለምን አልለበሰውም?» ብላ እኔን ጠየቀችኝ። አለቀስኩ።

ባለፈው ታኅሣሥ ኦቦ አህያ ሊያሳክሙ ወደ ክሊኒኬ ገቡ። አርጅተዋል፤ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። አህያዋን ጨርሼ እጄን ስታጠብ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ዘንድሮ ጨፌው ላይ ፈረስ ይሮጣል። ኮሚቴው ግን ‘ሊልሞ’ የሚሉት ነገር ሰልችቶታል። ሰዉ ከመጮሁ በፊት አንድ የሚያውቅ ሰው ፈረሶቹን ይዳስስ ተብሏል። አንቺ ትዳስሺልናለሽ።»

«እኔ አልሆንም፣ ኦቦ።»

«ለምን?»

ውሃውን ዘጋሁት። ለአባቴ ስንት ዓመት ያልወጣኝ ቃል ለጎረቤት ሽማግሌ ወጣኝ።

«ያን ዕለት ዳማውን የወጋሁት እኔ ነኝ። አባቴ አያውቅም ነበር። በሐሰት አስማልኩት።»

ይደነግጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። ምርኩዛቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«አባትሽ በሐሰት አልማለም» አሉ። «ምን ብሎ ነው የማለው?»

«መድኃኒት አልሰጠሁም ብሎ።»

«ላኪ፣ አይደለም። ‘በእጄ’ ነው ያለው። ‘በእጄ መድኃኒት አልሰጠሁም።’ እኔ ስንት ዘመን መሐላ ስሰማ ኖሬያለሁ። ‘በእጄ’ የሚል ሰው የሌላውን እጅ ያውቀዋል። ሦስታችንም ሰምተናል። ጓደኛዬ ሊጠይቀው ሲል ጉልበቱን የያዝኩት ለምን መሰለሽ?»

የመድኃኒት ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ።

«የመርፌዋን ቦታ በእጁ አግኝቷት ነበር፣ እዚያው ግራሩ ሥር» አሉ። «በመሐላው ማግስት ልጓሙን ይዞ ቤቴ መጣ። ‘ሚካኤልን አጣምሜ ጠርቼዋለሁ፤ ስለዚህ ዳግመኛ ፈረስ አልጋልብም፣ ጋቢውንም አልለብስም። ልጅቱን ግን ሰው ፊት አታቁሙብኝ። ለኔ ብላ ነው’ አለኝ። ልጓሙ አሁንም እኔ ቤት ተሰቅሏል።»

«ለምን ለኔ አልነገረኝም?»

«እሱም እንደዚሁ ብሎኝ ነበር። ‘ለምን አልነገረችኝም? እስክትነግረኝ እጠብቃለሁ’ አለኝ።»

ጠብቋል እንግዲህ። መጠበቅ ያውቅበት ነበር። በረት አጠገብ የጠየቀኝ ሊሰማ ፈልጎ እንጂ ሊያውቅ ፈልጎ አልነበረም። ከዚያ ዳማውን ይዞ ወደ ሆራ ሲወርድና ሲወጣ፣ እኔ ሥራ አለኝ ስል፣ ሆስፒታል ተኝቶ «ይኼ መድኃኒት ነው?» ሲለኝ፣ ሁሉ ጊዜ በሩን ገርበብ አድርጎ ትቶልኝ ነበር። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። ዛሬ ያንን ቃል ልሰጠው ያለኝን ሁሉ እሰጥ ነበር።

ኦቦ ተነሱ። በሩ ጋ ሲደርሱ «አሥራ ሁለት፣ ከምሳ በኋላ» አሉና አህያቸውን እየነዱ ሄዱ።

ሄድኩ። አሥር ፈረሶች ተሰልፈው ነበር። የአባቴን ጋቢ ለብሼ ነበር፤ እናቴ ናት ከሳጥን አውጥታ ትከሻዬ ላይ የጣለችው። ከመጀመሪያው ፈረስ አንገት ጀመርኩ። ሰዉ ሁሉ ያየኛል፤ ከኋላ አንዱ «ሊልሞ ራሷ መጣች!» አለ፤ ተሳቀ። መዳሰሴን ቀጠልኩ። ምን ብዬ እቆጣለሁ? እውነቱን ነው። ዓይኔን ስጨፍን እጄ የተሻለ እንደሚያይ ያወቅሁት ሦስተኛው ፈረስ ላይ ስደርስ ነው። መዥገር አገኘሁ፣ ኮርቻ የላጠው ትከሻ አገኘሁ፣ የመርፌ ቦታ ግን አላገኘሁም። አሥሩንም ዳስሼ «ንጹሕ ናቸው» አልኩ።

ያሸነፈው የጊንጪ ሰው ነው፤ ግራጫ ፈረስ። ግራሩ ሥር ሲቆም ሕዝቡ ከበበው፤ ማንም ግን አልተናገረም። ሰውየው ከኮርቻው ላይ ሆኖ ፊቱን አጥቁሮ ይጠብቃል፤ ስድቡን ነው የሚጠብቀው። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ምን አጠጣኸው?» ብዬ ጮህኩ።

ሰውየው ወደኔ ዞሮ ደነገጠ። አፉ «ምንም…» ሊል ሲጀምር የኔን ፊት አየና ተወው። እየሳቅሁም እያለቀስኩም ነበር መሰለኝ። ደረቱን ነፋ አደረገ።

«ሆራ!» አለ።

መስኩ በሳቅ ተናጋ፤ እናቴ እልል አለች። እኔ ጋቢውን ተከናንቤ አለቀስኩ። አባቴ ጓሮ ውስጥ ሲለማመደው ከዚህ የተሻለ አድርጎ ነበር የሚለው።